የሃሩን ሆቴልና የኻላ ዘይነብ ጎጆ

የጋሽ ሃሩንን ሞት የነገረኝ ራዲዮ ነው። ባምባሲ የገበያ ቀን ስለነበር ሱቃችን በሰው ተሞልቷል፤ እኔ ለልጇ ሠርግ አንሶላ ለምትመርጥ ሴት አንዱን ዘርግቼ እያሳየሁ ነበር። ራዲዮው ጥግ ላይ ለራሱ ያወራል። «ታዋቂው ባለሀብትና የሆቴል ሥራ ፈር ቀዳጅ» ሲል ልብ አላልኩም። ስሙ ሲጠራ ነው እጄ አንሶላው ላይ የቀረው። የአሶሳ ተወላጅ፣ በክልሉ የመጀመሪያውን ባለ ደረጃ ሆቴል የሠራ፣ በኋላም አዲስ አበባ ውስጥ ስመ ጥር ሆቴሎችና የመኖሪያ መንደሮች የገነባ፣ ለወገኑ ደራሽ፣ ለአካባቢው ባህል ተቆርቋሪ። ቀብሩ እዚያው አዲስ አበባ ይፈጸማል።

«ለአካባቢው ባህል ተቆርቋሪ» የሚለው ላይ ሳልፈልግ ሳቅ አመለጠኝ። ሴትዮዋ ቀና ብላ አየችኝ።

«የምታውቂው ሰው ነው እንዴ?»

«አብሬው ሠርቻለሁ» አልኳት።

ሌላ ምን እላታለሁ? ገበያተኛ ቆሞ እየጠበቀ የአንድን ሰው ዕድሜ መተረክ አይቻልም። ራዲዮው የተናገረው ውሸት የለበትም። የተወው ግን ብዙ ነው፤ እሱን ነው እኔ የምናገረው።

አሶሳ የገባሁት ክልሉ ገና ሲቋቋም ነው። ወለጋ መንዲ አሥራ ሁለተኛን ጨርሼ፣ አስተማሪ ሆኖ የተመደበውን ወንድሜን ተከትዬ መጣሁ። ከተማዋ ዋና ከተማ ሆነሻል ተባለች እንጂ ለዋና ከተማነት ማንም አላዘጋጃትም። ቢሮው ሁሉ አዲስ ሰሌዳ የተለጠፈበት አሮጌ ቤት ነው። ሠራተኛው ከየአገሩ ተመድቦ ይጎርፋል፤ ማደሪያ የለም። ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ለስብሰባ የሚመጡ ሹማምንት ሳይቀሩ ጠረጴዛ ገጣጥመው ያድሩ ነበር።

ጋሽ ሃሩን ይህን ከሰው ሁሉ ቀድሞ ያየ ሰው ነው። የበርታ ልጅ ነው። እናቱ በሕፃንነቱ ስለሞተች አክስቱ ዘይነብ ከአሶሳ ወጣ ብላ ባለችው መንጌ፣ ወንዝ ዳር ወርቅ እያጠበች አሳደገችው። «ኻላ» ይላታል፤ በአረብኛው አክስት ማለት ነው። እኛም ሁላችን ኻላ አልናት። ጎረምሳ ሲሆን አንድ የስደተኞች እርዳታ ድርጅት የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተቀጥሮ አልጋ ማንጠፉን፣ ገበታ ማቅረቡን፣ ሸሚዝ መተኮሱን ተማረ። ፈረንጆቹ ለቀው ሲሄዱ እሱ ሙያውን ይዞ ቀረ። ክልሉ ሲመሠረት ኻላ ያኖረቻትን ወርቅ ሸጣ ቆርቆሮ ገዛችለት። አሶሳ ባለው ግቢዋ፣ ከሣር ጎጆዋ አጠገብ፣ ከማንጎዎቹ ሥር ጥቂት ክፍሎች ሠራና «ደይፍ ሆቴል» ብሎ ሰሌዳ ሰቀለ። ደይፍ እንግዳ ማለት ነው።

ሥራ ፍለጋ የሄድኩ ቀን «አልጋ ማንጠፍ ትችላለህ?» አለኝ። የጋሽ ሃሩን አማርኛ ያኔ ሴትና ወንድ አይለይም ነበር፤ ለሱ ሁላችንም «አንተ» ነን።

«እችላለሁ» አልኩት።

ክፍል አስገባኝና አነጠፍኩ። ጫማውን አውልቆ ወጣበት፤ እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ ዐይኑን ጨፍኖ ተጋደመ። የተኛ መስሎኝ ቀስ ብዬ ልወጣ ነበር።

«ወገብ ጋ ተጨማዷል» አለ ዐይኑን ሳይገልጥ።

ብርድ ልብሱን ገለጥኩ። እውነቱን ነው።

«ደይፍ ቤቱን መጀመሪያ የሚያውቀው በጀርባው ነው» አለኝ ሲነሣ። «ዐይኑን ማታለል ትችላለህ። ጀርባውን ወላሂ አትችልም።»

ከዚያን ጊዜ ጀምሮ አዲስ ፍራሽ ሲገባ፣ አዲስ ክፍል ሲከፈት፣ ራሱ ሳይተኛበት ለእንግዳ ሲሰጥ አላየሁም። ደግነቱንም አልክድም። ወንድሜን ወባ በጣለው ጊዜ ቤታችን ጣሪያው ያፈስ ነበርና ከክፍሎቹ አንዱን ለቆለት፣ ሾርባውን ራሱ እያመጣ አስታመመው። ወንድሜ እያፈረ ሲያመሰግነው «እዚህ የተኛ ሁሉ ደይፍ ነው» አለው።

ሥራው ቀለል ሲልለት ኻላ ጎጆ ገብቶ ምንጣፏ ላይ ይቀመጥና የማሽላ ገንፎ በባሚያ ወጥ ከአንድ ገበታ ይበላሉ። ኻላ ረጅም፣ ድምፀ ወፍራም ሴት ናት፤ ስትስቅ ከመንገድ ይሰማል። አንድ ቀን በበርታኛ የሆነ ነገር አለችውና ሁለቱም እስኪያስላቸው ሳቁ።

«ምን አለችህ?» አልኩት ሲወጣ።

«ያን ሁሉ አልጋ ሠርተህ አንተ ዛሬም ከኔ ምንጣፍ አልወረድክም አለኝ።»

እንደዚህ ሆኖ ቢቀር ኖሮ ዛሬ የማወራው ሌላ ነበር።

አንድ ቀን ከአዲስ አበባ አንድ ትልቅ ሰው ለስብሰባ መጣ። ጋሽ ሃሩን ካኪ ሱሪውን ለብሶ በረንዳው ላይ የተሰበረ ወንበር ይጠግናል። ሰውዬው ከመኪናው ወርዶ ዙሪያውን ቃኘና፣ የክልሉን ጥቁር ሕዝብ ድሮ ይሰድቡበት በነበረው፣ እኔ እዚህ በማልደግመው ስም ጠርቶት «ና ሻንጣ አንሣ!» አለው።

እኔ እንግዳ መቀበያው ጋ ሆኜ ሰማሁ። ልመልስለት ተነሣሁ። ጋሽ ሃሩን ግን መዶሻውን ቀስ ብሎ አስቀመጠ፣ እጁን በሱሪው ጠረገ፣ ሻንጣውን ተሸክሞ ክፍሉ ድረስ አደረሰለት። ሰውዬው ጉርሻ ሰጠው። ተቀበለ።

«ለምን ባለቤቱ እኔ ነኝ አላልከውም?» አልኩት ሲመለስ።

«ካልኩት ያፍራል። ያፈረ ደይፍ ሁለተኛ አይመጣም።»

ፈገግ ብሎ ነው ያለው። ትንሽ ቆይቼ ወደ ጓሮ ስወጣ ግን ከቧንቧው ሥር ተቀምጦ እጁን በሳሙና ይፈትጋል። አረፋው ክንዱን አልፎ ይወርዳል፤ እሱ መፈተጉን አይተውም። ሲያየኝም አላቆመም።

«ጫልቱ፣ ሆቴል እሠራለሁ» አለኝ፤ ሆቴል እንደሌለው ሁሉ። «እንዲህ ያለ ሰው ሲገባ ድምፁን የሚቀንስበት ሆቴል።»

ሠራውም። ባንክ አበደረው፣ ሹማምንት ወደዱት፣ ፎቅ ወጣ። ወለሉ በክልላችን እብነ በረድ ተነጠፈ። ገንዳ ያለው መታጠቢያ፣ መብራት በጠፋ ቁጥር የሚነሣ ጄኔሬተር፣ እግር የሚሰጥምበት ቀይ ምንጣፍ መጣ። እውነትም ሰው ሲገባ ድምፁን ይቀንስ ነበር። ያ ሰውዬ ራሱ ተመልሶ መጥቶ፣ በሱፍ የተቀበለውን ጋሽ ሃሩንን ሳያስታውሰው ጎንበስ ብሎ ጨብጦታል። ጋሽ ሃሩን ያን ቀን ሲያፏጭ ዋለ።

አማርኛውም አብሮ ተስተካከለ። መጀመሪያ «አንቺ» ያለኝን ቀን አስታውሳለሁ፤ ደስ ሊለኝ ሲገባ ከቤት የተባረርኩ መሰለኝ። ቀጥሎ ሠራተኞቹን ሰብስቦ እንግዳ ባለበት በርታኛ መናገር ከለከለ። ከልብስ አጣቢዎቹ አብዛኞቹ የገዛ ዘመዶቹ ነበሩ። ከዚያ ወዲህ በኮሪደሩ ሲያልፉ ዝም ብለው ሆነ፤ አማርኛው ስለሚያሳፍራቸው።

ሪል ስቴት የሚባለው ቃል አሶሳ የገባው በሱ አፍ ነው ብል አላጋነንኩም። አንድ ወዳጁ የሆነ ሹም ነው ያመጣለት ሐሳቡን፤ ከተማው እያደገ ነው፣ ባለሥልጣኑና ነጋዴው ደህና ቤት ይፈልጋል፣ ከሆቴልህ ጀርባ እስከ ወንዙ ያለው መሬት ተኝቷል። መሬቱ ግን የተኛ አልነበረም። የጋሽ ሃሩን ዘመዶች ጎጆ በጎጆ ሰፍረውበት፣ በየደጃፉ ማንጎ ተክለውበት ይኖሩ ነበር። በሹሙ ትእዛዝ ከማስነሣት በዘመድ አፍ ማስነሣት ስለሚቀል፣ ጋሽ ሃሩን ራሱ ትልቁ ማንጎ ሥር ሰበሰባቸው። እኔ ሻይ አቀርብ ነበር። በርታኛ እንደነሱ ባልችልም ያን ያህል ለመስማት በቅቼ ነበር።

«ይህን ሣርና ጭቃ አፍርሼ ብሎኬት አቆምላችኋለሁ» አላቸው። «መጀመሪያ የሚያልቁት ቤቶች የናንተ ናቸው። እስከዚያ መንጌ ያሉት ዘመዶቻችን ጋ ቆዩ። መኪና እኔ እሰጣለሁ።»

አንድ ወጣት ተነሥቶ ውል ይኑረን አለ። የኻላ ታላቅ ወንድም ሼህ ዑመር ናቸው የተቆጡት፤ የሰፈሩ ሽማግሌ እሳቸው ነበሩ።

«ከልጃችን ጋር ምን ውል አለን?» አሉት። «ተቀመጥ!»

ወጣቱም ተቀመጠ። በየተራ መኪና ላይ ወጥተው ሄዱ። ማንጎዎቹ ተቆረጡ፤ እንጨታቸው ለብዙ ጊዜ የሆቴሉን ማእድ ቤት አነደደ።

ቤቶቹ ሲያልቁ ያምሩ ነበር። በረንዳ፣ የብረት በር፣ የአበባ መደብ አላቸው። የመጀመሪያው ለዚያው ወዳጁ ሹም ተሸጠ፣ ሁለተኛው ለጨርቃ ጨርቅ ነጋዴ። ሼህ ዑመር ከመንጌ ሊጠይቁ መጡ። ምንጣፉን እንዳያቆሽሹ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ሎቢው ውስጥ ሶፋ ጠርዝ ላይ ተቀመጡ። ጋሽ ሃሩን አቅፎ ሳማቸው፣ ጭማቂ አስመጣላቸው፣ «ሁለተኛው ዙር የናንተ ነው» አላቸው። መርቀውት ሄዱ። ሁለተኛው ዙርም ተሸጠ። እንደገና ሲመጡ ዘበኛው «የሉም» እንዲላቸው ተነግሮት ነበር። ጋሽ ሃሩን ግን ከላይ ፎቅ መስኮት ላይ ሆኖ ሲያያቸው አየሁት።

«ጋሼ፣ አንዲት ቤት እንኳ ብትሰጣቸው ምን ይጎዳሃል?» አልኩት።

«አይገባሽም ጫልቱ» አለኝ በዚያ በጸዳ አማርኛው። «እነሱ እዚህ ከገቡ ሌላውን ቤት ማን ይገዛኛል?»

ያላፈናቀለው ኻላን ብቻ ነው። «እኔ ከዚህ አልነሣም» ብላ ጎጆዋ በር ላይ ቁጭ አለች፤ በሷ ላይ ደግሞ ልቡ አልጨከነም። ስለዚህ ሆቴሉ ሲሰፋ ጎጆዋ በአትክልቱ መሀል ቀረች፤ ዙሪያዋን ሣርና ጽጌረዳ። እንግዶች በጭሷና በዶሮዎቿ ማጉረምረም ጀመሩ። ዶሮዎቹ ተሸጡ። ምግቧ ከሆቴሉ ማእድ ቤት በሳህን እንዲሄድላት ሆነ፤ እሳት እንዳታነድ። እሱ ግን ምንጣፏ ላይ ተቀምጦ መብላቱን ከተወ ቆይቷል።

አንድ ጊዜ ካሜራ የያዘ እንግዳ ጎጆዋን አይቶ ተደነቀ። ጋሽ ሃሩን ከዚህ ሐሳብ ወሰደ። ጎጆዋ በአዲስ ቀርከሃ ታጠረች፣ «የባህል ጎጆ» የሚል ጽሑፍ ተሰቀለባት፣ ደጃፏ ላይ በሲሚንቶ ትንሽ የውኃ ገንዳ ተሠራ። ከዚያ ኻላን ለመናት። ከሰዓት በኋላ እንግዶች ሻይ ሲጠጡ፣ እንደ መንጌ ወንዝ ገበቴዋን ይዛ ወርቅ ታጥባላቸው። አሸዋውን ራሱ አስመጣ። ወርቋንም ራሱ ገዝቶ አሸዋው ውስጥ ጨመራት፤ አንዲት ፍሬ። ኻላ ገበቴዋን ስታሽከረክር ፍሬዋ ታበራለች፣ እንግዶች ያጨበጭባሉ። ሲበተኑ ጋሽ ሃሩን ፍሬዋን ለቅሞ በወረቀት ይጠቀልላል፤ በማግስቱ እሷው ትወጣለች።

ኻላ መጀመሪያ ጨዋታ መስሏት ነበር። «ሃሩን ሰነፍ ወንዝ ሠራ» ትለኝና ትስቃለች፤ «ወርቁ ሁልጊዜ አንድ!» ልጇ ስለጠየቃት አደረገችው። ውሎ ሲያድር ግን ያ ከመንገድ የሚሰማ ሳቋ ጠፋ።

አንድ ቀን ከእንግዶቹ አንዱ ወርቋ ስትወጣ አጨበጨበና ከኪሱ ሳንቲም አውጥቶ ገበቴው ውስጥ ጣለላት። ክፋት አልነበረበትም፤ ያስደሰታት መስሎት ነው። ኻላ ማሽከርከሩን አቆመች። ሳንቲሙ ውኃው ውስጥ ሲገለባበጥ እስኪረጋ ድረስ አየችው። ከዚያ ገበቴውን በእንግዶቹ ፊት ዘቀዘቀችው፤ አሸዋውም፣ ሳንቲሙም፣ ወርቋም ሣሩ ላይ ፈሰሱ። ጋሽ ሃሩን ሮጦ መጥቶ ተንበርክኮ ሣሩን መዳበስ ያዘ። ወርቋን ነበር የሚፈልገው። እሷ ከላይ ሆና ስታየው ቆየችና ወደኔ ዞረች። የምትለውን እንድሰማላት በአማርኛ ነው ያለችው።

«እኔ አሸዋ አጠብኩ፣ ሃሩን ወጣ። ሃሩን እኔን አጠበ፣ ምን ወጣ?»

ገበቴዋንና አንድ እንቅብ ዕቃዋን ብቻ ይዛ በዚያው ዕለት መንጌ ገባች። «ተቆጥታ ነው፣ ትመለሳለች» አለኝ ጋሽ ሃሩን። አልተመለሰችም፤ እሱም ሄዶ አላመጣትም። እንግዶች ግን ወርቅ አጣቢዋን ይጠይቁ ነበር። ከከተማው አንዲት ሴት ቀጠረና ወደኔ አመጣት።

«አሳዪያት እስቲ፣ ገበቴውን እንዴት እንደምትይዝ» አለኝ። «ስሟን ሲጠይቋት ደግሞ ዘይነብ በዪ በያት። እንግዶቹ የለመዱት እሱን ነው።»

«ጋሼ፣ እሱን ራስህ ንገራት» አልኩት። ነገራት። ሴትዮዋም ዘይነብ ሆነች።

ኻላ የሞተችው ከሆቴሉ ጀርባ የተሠራው አዲስ መንደር የተመረቀ ቀን ነው። ከአዲስ አበባ ሹማምንት መጥተዋል፣ ዳስ ተጥሏል፣ ሪባን ተዘርግቷል። ጠዋት ከመንጌ በጭነት መኪና ተሳፍሮ የመጣ አንድ ዘመድ ዘበኛው ከልክሎት በር ላይ አገኘሁት። ኻላ ጎህ ሲቀድ አርፋለች፤ ቀብሩ ዛሬ ነው። ሮጬ ገብቼ ለጋሽ ሃሩን በጆሮው ነገርኩት። ከረባቱን እያሰረ ነበር። እጁ ከረባቱ ላይ ቆመ።

«ስንት ሰዓት ይቀብራሉ?» አለ።

«እንደ ሥርዓታችሁ ነው፤ አያሳድሯትም። አሁን ብትነሣ ትደርሳለህ።»

መስኮቱ ጋ ሄዶ ዳሱን አየ። መኪኖቹ እየገቡ ነበር።

«እንግዶቹን ሸኝቼ» አለ።

ያን ቀን ያደረገውን ንግግር ነው ራዲዮ ይዞ ያስቀረው። ስለ ባህል ተናገረ፤ ከድህነት ስላሳደገችው ወርቅ አጣቢ አክስቱ ተናገረ። ሕዝቡ ቆሞ አጨበጨበለት። ንግግሩ ሲያልቅ እንግዶቹ ወደ ጎጆዋ ተወሰዱ፤ የተቀጠረችው ዘይነብ ወርቅ አወጣችላቸው። እኔ ከጀርባ ቆሜ የጋሽ ሃሩንን ፊት አየሁ፤ ፈገግታው አልተዛነፈም። ላቡ ግን በጆሮው ሥር እየወረደ የሸሚዙን አንገት አርጥቦታል።

የመጨረሻው መኪና ከወጣ በኋላ «ነይ አብረሽኝ ሂጂ» አለኝ። ብቻውን መሄድ ፈርቶ እንደሆነ ገባኝ። መንጌ ስንደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። ቀብሩ አልቆ ወንዶቹ ዛፍ ሥር ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል፤ ከማንጎው ሰፈር የተነሡት ሁሉ ናቸው። ጋሽ ሃሩን ከመኪናው ወርዶ እየሮጠ ሄደና በበርታኛ «ኻላ የት ናት?» አለ። ድምፁ የሕፃን ነበር።

ሼህ ዑመር ተነሡ። ሁሉም ተከትለው ተነሡ።

«እንኳን ደህና መጣህ ጌታው» አሉት በአማርኛ። «መንገድ ደከመህ?»

አዲስ ምንጣፍ አወጡና ለብቻው አነጠፉለት። ውኃ ቀረበለት፣ እጁን አስታጠቡት። ከሁሉ አስቀድሞ ለሱ ምግብ መጣ። ሴቶቹ ሲያለቅሱ ከሩቅ ሰምቼ ነበር፤ እሱ ሲቀመጥ ግን ጸጥ አሉ፤ እንግዳ ፊት አይለቀስምና። እሱ በበርታኛ ይጠይቃል፤ እሳቸው በአማርኛ ይመልሳሉ። መቃብሯን ልይ አለ።

«ነገ ዘመድ ይሄዳል» አሉት ሼህ ዑመር። «አንተ ሥራ አለህ ጌታው። ይመሽብሃል።»

አንዳቸውም ክፉ ቃል አልተናገሩትም። ቢሰድቡት፣ ልብሱን ይዘው ቢጎትቱት ይቀለው ነበር። ሁሉም እስከ መኪናው ድረስ ሸኙት፤ እስክንርቅም ቆመው ጠበቁ።

ወደ አሶሳ ተመለስን። እሱ ነው የሚነዳው።

«ጫልቱ፣ ሰማህ?» አለኝ አሶሳ ስንቃረብ፤ ያ የድሮ አማርኛው ተመልሶ። «ጌታው አለኝ።»

«ሰማሁ።»

«ስሜን ያውቃል። ስሜን ያወጣልኝ እሱ ነው።»

ከዚያ ወዲያ አሶሳ አላስቀመጠውም። ዓመት ሳይሞላ ሆቴሉን ለሌላ አስረክቦ አዲስ አበባ ገባ፤ እዚያ ከዚህ የበለጠ ከበረ። አንዱ ሆቴሉ ሎቢ ውስጥ የበርታ ጎጆ አሠርቷል፣ ውስጧም ወርቅ የምታጥብ ሴት ተቀምጣለች ብለው ያዩ ሰዎች ነግረውኛል። ሄጄ አላየሁም። እኔ ባምባሲ አገባሁ፣ ወለድኩ።

ራዲዮውን በሰማሁ በሳምንቱ ስኳር ቋጥሬ መንጌ ሄድኩ። ቢሆንም ባይሆንም ልጃቸው ነው፣ ለቅሶ መድረስ አለብኝ ብዬ ነው። ሰፈሩ ስደርስ የተነጠፈ ምንጣፍ የለም፣ የተቀመጠ ሰው የለም። ሴቶች ማሽላ ይወቅጣሉ። ሼህ ዑመር በጣም አርጅተው፣ ጎንበስ ብለው ለአጥር የሚሆን ቀርከሃ ይሰነጥቃሉ።

«ጫልቱ ነህ?» አሉኝ ቀና ብለው።

«ነኝ አባቴ። የጋሽ ሃሩንን ሰምቼ ለቅሶ ልደርስ ነው የመጣሁት።»

«ራዲዮ ሞተ አለ» አሉ። «እኛ ለቅሶ አልተቀመጥንም።»

ስኳሩን ይዤ ቆምኩ። ለማን እንደምሰጠው፣ ማንን «ያጽናችሁ» እንደምል ጠፋኝ። ሼህ ዑመር አዩኝ፤ ስኳሩንም አዩት።

«አዝነሃል?» አሉኝ።

አላዘንኩም ልል ነበር። «እንጃ አባቴ፣ እንጀራውን በልቻለሁ» አልኩ።

«እንዲያ ከሆነ ለቅሶው ያንተ ነው።»

ቢላዋቸውን አስቀምጠው ከቤት ምንጣፍ አመጡና አስቀመጡኝ። ሴቶቹን ጠሯቸው። ሙቀጫቸውን ትተው፣ እጃቸውን በቀሚሳቸው እየጠረጉ መጥተው ዙሪያዬን ተቀመጡ። እኔን፣ የወለጋዋን ጴንጤ፣ መሀል አድርገው መዳፋቸውን ዘረጉና ፋቲሃ፣ የቁርኣኑን ጸሎት፣ ቀሩልኝ። ከዚያ በየተራ «አላህ ያጽናህ» አሉኝ፤ እኔም እንደ ሟች ቤተሰብ ለያንዳንዳቸው «አሜን» አልኩ። ሲያበቃ ሼህ ዑመር በሁለት እጃቸው ፊታቸውን አበሱ፣ ጉልበታቸውን ተደግፈው ተነሡና ወደ ቀርከሃቸው ተመለሱ።